የጥቁር ፍቅሯ ኤሊፍ፦ ቱባ ቡዩኩስቱን ትወና ትችላለች ወይስ ቁንጅናዋ ነው የያዘን?

የሾላ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ቃና ድራማዎች በተከፈተው ክር ላይ አንድ ሰው «ኤሊፍ ቆንጆ ናት እንጂ ትወና የላትም» ብሎ ጣል አድርጎ ሄዷል። እዚያ ብመልስ ይዋጣል ብዬ ይሄን ለብቻው ከፈትኩት። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ያዙ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

ቃና ላይ በታየው የቱርክ ድራማ በ«ጥቁር ፍቅር» ኤሊፍ የምንላት ሴት ቱባ ቡዩኩስቱን ትባላለች። ከዚህ በኋላ ቱባ ብቻ፤ ሙሉውን መጻፍ ጣት ያደክማል። በ1982 ኢስታንቡል ተወለደች። የትወና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። የተማረችው ሚማር ሲናን የሥነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ የመድረክና የአልባሳት ዲዛይን ነው፤ በ2004 ተመረቀች። ማለትም የሠለጠነችው ሌላው ተዋናይ ምን ለብሶ፣ ከምን ፊት ቆሞ እንደሚታይ ለመወሰን ነበር። ተማሪ እያለች ማስታወቂያ ትሠራ ጀመር፤ በ2003 ትንሽ የድራማ ሚና አገኘች። ከዚያ ቻን ኢርማክ የሚባል ዳይሬክተር ወሰዳትና ከ2004 ጀምሮ ባዘጋጀው ተከታታይ ድራማ ላይ ዛሪፌን ሆና ተጫወተች።

ይሄው ሰውዬ በ2005 «አባቴና ልጄ» የሚል ፊልም ሠራ። ቱርኮች ዛሬም ስሙ ሲነሳ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ቱባ እዚያ ውስጥ ያላት ጊዜ አጭር ነው። ነገሩ የሚሆነው በ1980ው መፈንቅለ መንግሥት ሌሊት ነው። ምጧ መጥቶ ባልዋ ይዟት ይወጣል፤ ከተማው ጭር ብሏል፤ መኪና የለም። ሕፃኑ ይተርፋል፣ እሷ ትሞታለች። ፊልሙ ገና መጀመሩ ነው! ግን የቀረው ታሪክ ሁሉ በእሷ አለመኖር ላይ ነው የቆመው። እንግዲህ ፊት ብቻ ያላት ተዋናይት ይሄን ትሠራለች?

አሁን ወደ ጥቁር ፍቅር። ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ኤሊፍ መጀመሪያ ላይ ማልቀስ አትችልም። ለልደቷ ከሮም ኢስታንቡል ትመጣለች፤ አባቷ ተገድሎ ይገኛል፣ ያውም ከማታውቃት ወጣት ሴት ጋር። ሴትየዋ ደግሞ የፖሊሱ የኦማር እጮኛ ናት። ከዚያ እህቷ ትታገታለች። አጋቾቹ አልማዙን አምጪ፣ ለፖሊስ ትንፍሽ እንዳትዪ ይሏታል። ከፊቷ የሚቆመው ሰው ማነው? ፖሊስ! ስለዚህ ኤሊፍ በየትዕይንቱ ሁለት ሥራ አለባት፤ ሐዘኗን መቻል፣ የምታውቀውን መደበቅ። ፊቷ የተዘጋው ለዚህ ነው። ትዕይንቱ የሚጠይቀው እሱን ነው። ቡጭቅ ብላ ብታለቅስ ኖሮ ድራማው በሁለተኛው ሳምንት ያልቅ ነበር።

እኔ የምለው ይሄ ነው፦ ቱባ የምትችለው መያዝን ነው። ማፍሰስን ሳይሆን መያዝን። እስቲ እናንተስ?

ቁርጥ ያለ

ያንን ጣል አድርጎ የሄደው እኔ ነኝ። አልሄድኩም፣ እዚሁ ነኝ።

የሾላ ልጅ፣ ጥሩ ጽፈሻል፣ ግን ለአንድ ፊት ጠበቃ አቁመሻል። ስታዝን ያችው ናት፣ ስትደሰት ያችው ናት፣ ሽጉጥ ሲደገንባት ያችው ናት። እህቷ መገኘቷን ስትሰማም እኮ የታክሲ ወረፋ የምትጠብቅ ነው የምትመስለው። የእኛ አገር ተዋናይት ይሄን ብታደርግ «እንደ ግንድ ተገተረች» ብለን አናስቆማትም ነበር። ከውጭ ሲመጣ «መያዝ» ሆነ።

አወያይ

ገና ሳይሞቅ ልናገር። ሁለት ነገር፦ ገዳዩ ማን እንደሆነ የሚጽፍ መልእክቱ ይነሳል። አዎ፣ ድራማው ካለቀ ቆይቷል፤ ግን አሁንም በዩቲዩብ እየጀመረ ያለ ሰው አለ። ሁለተኛ፣ ስለ ፍቺዋ ሐሜት አይፈቀድም። በሕዝብ የታወቀው ብቻ ይበቃል።

የጅዳዋ

እህቴ የሾላ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ ግን እናንተ ኤሊፍ ስትሉ ሁሌ ግር ይለኛል። ለእኔ ይቺ ልጅ ላሚስ ናት።

በ2008 ጅዳ ሰው ቤት እሠራ ነበር። ያን ሰሞን ኤም ቢ ሲ በሚባለው የዐረብ ጣቢያ ላይ ሁለት የቱርክ ድራማ አገሩን አንጫጭቶት ነበር። አንዱ «ኑር»፣ አንዱ «ሰነዋት አል ደያዕ»፤ የባከኑ ዓመታት እንደማለት ነው። ላሚስና ያሕያ! ሰዓቱ ሲደርስ ማዳሟ፣ ልጆቿ፣ አማቷ ሁሉም ሳሎን ይሰበሰባሉ። እኔም ሻይ አቅርቤ በሩ ጋ እቆማለሁ። ኋላ ላይ አሮጊቷ «ነይ ተቀመጪ፣ ሻዩ አይሸሽም» አሉኝና ምንጣፉ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። በኋላ ሳጣራ የቱርክ ስሙ «ኢህላሙርላር አልቲንዳ» ነው፤ የላሚስም ስም ፊሊዝ።

የሚያስቀው ምን መሰላችሁ? ድራማው የተተረጎመው በሶሪያ ዐረብኛ ነበር። እኔ ደግሞ ግማሹን ዐረብኛዬን የቀሰምኩት ከላሚስ ነው። ገበያ ሄጄ አፌን ስከፍት ባለሱቁ «አንቺ ሐበሻ ነሽ ወይስ የደማስቆ ልጅ?» ይለኝ ነበር።

ቃና ሲጀምር አገር ቤት ገብቼ ነበር። እህቴ ቴሌቪዥን ከፍታ «ነይ ኤሊፍን እዪ» አለችኝ። ሳያት «ውይ፣ ላሚስ አማርኛ ለመደች!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

አንተ ቁርጥ ያለ የምትባል ወንድሜ፣ ፊቷ አንድ ነው ላልከው፣ ያኔ እኮ ዐረብኛው ገና አልገባኝም ነበር። ከፊቷ ነበር የማነበው። አንድ ቢሆን ኖሮ ታሪኩን በምን ተከተልኩት?

ቁርጥ ያለ

የጅዳዋ፣ ለእርስዎ ክርክር አልገጥምም፤ እርስዎ ከሻይ ጋር ነው የመጡብኝ።

አንካራ ያለሁት

እዚህ ቱርክ ተማሪ ነኝ። ጥቂት ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ አንድ ድራማ አይደለም። የሾላ ልጅ ቱርኮች ስላዩት ታወራለች፣ ቁርጥ ያለ ቃና ላይ ስላየው።

«ካራ ፓራ አሽክ»፣ ማለትም ጥቁር ፍቅር፣ እዚህ በኤ ቲ ቪ ከመጋቢት 2014 እስከ ሐምሌ 2015 ነው የታየው፣ 54 ክፍል። በሳምንት አንድ ማታ ነው። አንዱ ክፍል ግን ከነማስታወቂያው ማታውን ይበላል፤ የቱርክ ድራማ አንድ ክፍል የፊልም ያህል ይረዝማል፣ ሁለት ሰዓት የሚሞላም አለ። ሰው ቤቱ ተቀምጦ፣ የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመ፣ አንድ ማታ ላይ ጨርሶት ይነሳል። እኛ ጋ ሲመጣ ያ አንድ ክፍል ተቆራርጦ በየቀኑ ይታያል። ስለዚህ ቱባ ለቱርክ ተመልካች አንድ ማታ የያዘችው ዝምታ ለእኛ ብዙ ቀን ይፈጃል። ሰኞም ዝም፣ ማክሰኞም ዝም። በእርግጥ ይሰለቻል!

ሌላው፣ እዚህ ድራማ የሚኖረው በተመልካች ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲወርድ ታሪኩ አለቀ አላለቀ ሳይባል ይቆረጣል። የሚቀጥለው ሳምንት ክፍል እየተጻፈ ይሄኛው ይቀረጻል። ተዋናዩ ስክሪፕቱን ይዞ ለመዘጋጀት ጊዜ የለውም። በዚህ ሩጫ ውስጥ ከ2005 ጀምሮ በመሪ ተዋናይነት መቆየት ቀልድ አይደለም። ኢህላሙርላር አልቲንዳ እስከ 2007፣ «አሲ» ከ2007 እስከ 2009፣ «ጎኑልቼለን» 2010 እና 2011። እረፍት የሚባል ነገር የለም ማለት ነው።

«አሲ»ን ካላያችሁ እዩት። የተቀረጸው አንታክያ ነው። እሷ የእርሻ ቤት ልጅ ናት፣ ጭቃ ውስጥ ቦቲ አጥልቃ የምትሠራ። ጌጥ የለ፣ ፋሽን የለ። በየካቲት 2023 የመሬት መንቀጥቀጥ አንታክያ እንዳልነበር ከሆነች በኋላ ድራማውን ማየት ሌላ ነገር ሆኗል። ጎዳናው፣ ድልድዩ፣ የድንጋይ ቤቶቹ እዚያ ውስጥ ቆመው ይታያሉ።

የሾላ ልጅ

አንካራ ያለሁት፣ ስለ መቆራረጡ ያልከው ጥሩ ነው፣ አላሰብኩትም ነበር። ስለ ኤሚው፣ ስለ ቴሌቪዥን ሽልማቱ፣ አንተ ብትነግራቸው?

አንካራ ያለሁት

እሺ። በ2013 «20 ደቂቃ» የሚል ድራማ ሠራች። መሌክ የምትባል እናትና ሚስት ናት። ባልሠራችው የግድያ ሙከራ 20 ዓመት ይፈረድባታል። ባሏ የታሪክ አስተማሪ ነው፤ ሕጋዊው በር ሲዘጋበት ከእስር ቤት ሊያስመልጣት ያቅዳል። በዚህ ሥራ ቱባ በ2014 ለዓለም አቀፉ ኤሚ በምርጥ ተዋናይት ዘርፍ ታጨች። ኒው ዮርክ ላይ ሽልማቱን ኔዘርላንዳዊቷ ቢያንካ ክሪግስማን ወሰደችው። በዓመቱ ደግሞ የእናንተው ኦማር፣ ኤንጊን አኪዩሬክ፣ በጥቁር ፍቅር ታጨ። እሱም አልወሰደም።

እንግዲህ ጊዜውን አስሉት። ከተዋናይ ኦኑር ሳይላክ ጋር በ2011 ፓሪስ ላይ ተጋቡ። በጥር 2012 መንታ ሴት ልጆች ወለደች። በዓመቱ ከልጆቿ የተነጠለች እስረኛ እናት ሆና ካሜራ ፊት ቆመች። በ2017 ተፋቱ፤ አወያይ፣ እዚህ ጋ አቆማለሁ! ሰውየው በኋላ የ«ሻህሲየት» ዳይሬክተር የሆነው ነው። ሐሉክ ቢልጊነር በ2019 ኤሚውን ያሸነፈበት ድራማ ማለት ነው።

ድምፅ ክፍል

ለረጅም ጊዜ አንባቢ ነበርኩ፣ ዛሬ ነው የምጽፈው። የድምፅ ቅጂ ሥራ ላይ ነበርኩ። የት እንደሆነ ይቅር። ጥቁር ፍቅርን አልነካሁትም፣ ግን አሠራሩ አንድ ነው።

ሁላችሁም «የቱባ ትወና» እያላችሁ ነው። የሰማችሁት ድምፅ ግን የእሷ አይደለም። ከውጭ ሲመጣ ፋይሉ ለሁለት ተከፍሎ ነው። አንዱ ሙዚቃና የአካባቢ ድምፅ ብቻ ያለበት ነው፤ በር ሲዘጋ፣ መኪና ሲያልፍ፣ ብርጭቆ ሲቀመጥ። ሌላው ንግግሩ ነው። እኛ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን እንጥላለን። ችግሩ ምንድነው? የተዋናዩ ትንፋሽም ብዙ ጊዜ ከንግግሩ ጋር ነው ያለው። ንግግሩ ሲወጣ ትንፋሹም አብሮ ይወጣል። ኤሊፍ ዝም ብላ ስትቆም የሰማችኋት ያቺ ተቆራርጣ የምትወጣ ትንፋሽ የአዲስ አበባ ልጅ ናት! ጆሮ ማዳመጫ አድርጋ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆማ፣ ስክሪኑን እያየች ነው የተነፈሰችላት።

ደግሞ ዝም የሚል ተዋናይ ነው ድምፅ ሰጪን የሚፈትነው። የሚጮህ ተዋናይ ቀላል ነው። አብረኸው ትጮሃለህ፣ አፉ ባይገጥምም ጩኸቱ ይሸፍነዋል። እንደ ቱባ ያለችው ግን ሁለት ቃል ብላ ታቆማለች፣ ዓይኗን ታነሳለች፣ አንድ ቃል ትጨምራለች። እዚያ መሃል የሚደበቅበት የለም። በአንድ ነገር ዕድለኞች ነን፤ ቱርክኛም እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያመጣል። ስለዚህ እሷ ፊቷን የምትቀይርበት ቦታ ላይ እኛም ዋናው ቃል ላይ እንደርሳለን። የሾላ ልጅ፣ የወደድሻት ኤሊፍ የሁለት ሴቶች ሥራ ናት። አንዷን ማንም በስም አያውቃት።

ቁርጥ ያለ

ይኸው! እኔም የምለው እኮ ይሄን ነው። ግማሹን ትወና የሠራችው የእኛ ልጅ ናት። ክሩ ርዕሱ ይቀየር።

እግረ መንገዴን፦ ቃና እንደመጣ የእኛ አገር የጥበብ ሰዎች ሲጮሁ «ቅናት ነው» ተባሉ። የቱርኩ ድራማ ካንፓኒ፣ በጀት፣ የባሕር ዳርቻ ቪላ ይዞ ይመጣል። የእኛው ሰው በሳምንት አንዴ፣ በተውሶ ቤት፣ በአንድ ካሜራ ይታገላል። አወዳድረን ፈረድን። ያ ፍርድ ልክ አልነበረም።

የሾላ ልጅ

ርዕሱ አይቀየርም።

ስለ ድምፅ ሰጪዋ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ስሟ በትልቁ መጻፍ ነበረበት። ስለ አገር ቤቱ ሥራም ብዙ አልከራከርህም፤ ግን ቃና ሥራ የሰጣቸውን የድምፅ ተዋንያንም ቁጠራቸው እንጂ። አንተ ራስህ አሁን አሞገስካቸው።

ግን ድምፅ ክፍል ራሱ ያለውን ልብ በል። ፊቷ ነው መንገዱን የሚያሳየው። የጅዳዋ ያለ ቋንቋ ተከተለቻት። ደማስቆዎች በራሳቸው ድምፅ ሰጧት፣ አዲስ አበባዎች በራሳቸው። ሁለቱም ጋ ሠራች። በዚህ በኩል ዲዛይን መማሯ የጠቀማት ይመስለኛል። የት እንደቆመች፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ታውቃለች። ትከሻዋን ተመልከቱ፤ ቁጡ ስትሆን ፊቷ አይቀየርም፣ ትከሻዋ ግን ይቀየራል። (ኤሊፍ ራሷ የጌጣጌጥ ዲዛይነር መሆኗ ደግሞ ደስ የሚል ገጠመኝ ነው።)

ቦሌ ሚካኤል

ጥያቄ አለኝ፣ ሞኝ ጥያቄ ከሆነ ይቅርታ። እሷና ኩዚ አንድ ላይ ሠርተዋል የሚባለው እውነት ነው?

አንካራ ያለሁት

እውነት ነው። የ«ኩዚ ጉኒ»ው ኪቫንች ታትሊቱ ነው። «ጄሱር ቬ ጉዜል» ይባላል፣ ደፋሩና ቆንጆዋ። ከ2016 እስከ 2017 ስታር ቲቪ ላይ ታየ፣ 32 ክፍል። እሱ የአባቱን ደም ሊበቀል ወደ አንድ ከተማ ይመጣል። የሚበቀለው የእሷን አባት ነው። እንደደረሰ እሷን ከሸሸ ፈረስ ላይ ያድናታል፤ ከዚያ ወዲያ መገመት ትችላለህ። ሁለት የአገሩ ውድ ፊቶች አንድ ላይ ሲሆኑ ሁሉም ሰው ሪከርድ ይሰብራል ብሎ ነበር። እንደተጠበቀው አልገነነም። እንደ እኔ ከኦማር ጋር የነበራት ነገር እዚያ የለም።

ከኤንጊን ጋር ግን በ2021 ተመልሰው ተገናኝተዋል። «ሰፊሪን ክዝ» የሚል ድራማ ነበረው። መሪ ተዋናይቷ ነስሊሃን አታጉል በሕመም ምክንያት ለቀቀች። ቱባን ማቪ የምትባል አዲስ ሰው አድርገው መሃል ላይ አስገቧት። የሰው ቤት መግባት ነው። የነስሊሃን አድናቂዎች በየማኅበራዊ ሚዲያው አልማሯትም። ድራማው ያው በዚያው ዓመት ግንቦት አለቀ።

ነርስ ነኝ

ኔትፍሊክስ ላይ ያለውን ያየ የለም? «ዘይቲን አአጂ»፣ የወይራው ዛፍ። በ2022 ወጣ፣ ሁለተኛው ምዕራፍ በ2024። አዳ የምትባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናት። ጓደኛዋ ካንሰር ታማ ሆስፒታል ሰልችቷት፣ አይቫሊክ የሚባል የባሕር ዳር ከተማ ያለ ሰውዬ ጋ «የቤተሰብ ቁስል ይፈታል» ተብላ ትሄዳለች። አዳም «ይሄ ምን ዓይነት ቅዠት ነው?» እያለች ትከተላታለች።

እኔ በሥራዬ ይሄን ክርክር በየቀኑ ነው የማየው። ፀበል ወይስ ኪኒን፣ ኪኒን አቁሞ ፀበል፣ ወይስ ሁለቱንም። ስለዚህ አዳ ስትበሳጭ አብሬያት ተበሳጨሁ። ድራማው በኋላ ወደ ሰውየው ሲያደላ አልወደድኩለትም። ቱባ ግን እዚህ ትስቃለች፣ ትሳደባለች፣ ትሰክራለች። ቁርጥ ያለ፣ አንድ ፊት ያልከው እዚህ የለም። ዕድሜዋ አርባ ሲሞላ የለቀቀችው ነገር አለ።

በራሷ ድምፅ መስማት የሚፈልግ ደግሞ በ2020 የወጣውን የኮንስታንቲኖፕል መያዝ ታሪክ ይይ። የሱልጣኑን የእንጀራ እናት ማራን ሆና በእንግሊዝኛ ነው የምትናገረው።

የጅዳዋ

ኔትፍሊክስ የሌለን ምን እንሁን? ዩቲዩብ ላይ «አሲ» በዐረብኛ አለ። ለእኔ ይበቃኛል። ሰሞኑን እጀምረዋለሁ፣ ልጄ «እማዬ ምን ትያለሽ፣ የድሮ ነገር» ትለኛለች። አንቺ ሳትወለጂ ነው ያየኋት ልላት ነው።

ቁርጥ ያለ

እሺ። ማታ «20 ደቂቃ»ን ጀመርኩ። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው ያገኘሁት፣ ሁለት ክፍል ጨረስኩ። እስር ቤቱ ውስጥ ጥሩ ናት። ጥሩ ናት ነው ያልኩት፣ ሌላ አልወጣኝም። ጥቁር ፍቅር ላይ ግን አሁንም ግንድ ናት። ደግሞ የፈረሱንም ድራማ ልጀምር አስቤ የመጀመሪያውን ትዕይንት አየሁት። ፈረሱ ከእሷ የተሻለ ይተውናል።

የሾላ ልጅ

ፈረሱን ተወውና «20 ደቂቃ»ን ጨርስ። ከዚያ መጥተህ ስደብ።

አወያይ

ክሩ ክፍት ነው። ቁርጥ ያለ እስኪጨርስ።